አንድ ድምፅ፣ ብዙ ቀለም፦ የሸምበቆ እንቁራሪቷ ስንት ናት?

ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደርባን አካባቢ ካለ ረግረግ የተያዘች የሸምበቆ እንቁራሪትና ከቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የተያዘች ሌላዋ ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ አንድ ዝርያ ናቸው ቢባል የሚያምን ሰው አይገኝም። የደርባኗ ጀርባዋ ዝንጉርጉር ነው። የቪክቶሪያዋ ቢጫ ወይም ለምለም አረንጓዴ ሆና አንዳንዴ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ጣል ጣል ይልባታል። አንጎላ ቢኬድ ደግሞ ቀጥ ብለው በጀርባዋ ላይ የሚወርዱ መስመሮች ያሏት ትገኛለች። ሲመሽ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ከሦስቱም አገር የሚሰማው የወንዱ ጥሪ አጭርና ጥርት ያለ፣ ብርጭቆ በማንኪያ ሲነካ የሚወጣውን የመሰለ ድምፅ ነው። ዓይን ብዙ ናቸው ሲል ጆሮ አንድ ናቸው ይላል።

ይህ የዓይንና የጆሮ ሙግት የአፍሪካን እንቁራሪት አጥኚዎች ለትውልዶች ሲያከራክር ኖሯል። ኢትዮጵያንም በቀጥታ ይነካታል። የዚህ ሁሉ ቤተ ዘመድ አንጋፋ ስም መጀመሪያ የወጣው ከእኛ አገር ለተወሰደች እንቁራሪት ነውና።

ሳይንሳዊ ስሟ ሃይፐሮሊየስ ቪሪዲፍላቩስ ይባላል። ሃይፐሮሊየስ የወገኑ ስም ነው፤ ከሰሃራ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ የሚኖሩ ከ140 በላይ ዝርያዎችን ይይዛል። ወገኑ የሚገኝበት ሃይፐሮሊዳይ የተባለው አስተኔ ከአፍሪካ አልፎ አባላት ያሉት በማዳጋስካርና በሲሸልስ ብቻ ነው። እንቁራሪቷ ትንሽ ናት፤ አድጋ እንኳ ከ3 ሴንቲ ሜትር ብዙም አታልፍም። ጥቅጥቅ ያለ ደን አትወድም። ቤቷ ገላጣው ሳር መሬት ላይ ያለ ኩሬ፣ የሐይቅ ዳር ቄጤማ፣ የመስኖ ግድብ፣ ከብት የሚጠጣበት ረግረግ ነው። ጣቶቿ ጫፍ ላይ ባሉት ክብ መጣበቂያዎች ሸምበቆው ላይ ወጥታ ትለጠፋለች፤ ማታ ወንዶቹ ከውኃው ከፍ ብለው አገዳው ላይ ተጣብቀው፣ ጉሮሯቸውን እንደ ፊኛ ነፍተው በመቶዎች ሆነው ይጮኻሉ። ጥቂት ሜትር ቀርቦ የቆመ ሰው ጆሮውን እስኪያመው ድረስ ነው ጩኸቱ።

ስሙ የወጣው በ1841 (እ.ኤ.አ.፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ ናቸው) ፓሪስ ውስጥ ነው። ዱሜሪል እና ቢብሮን የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን የዓለምን ተሳቢና እንቁራሪት ሁሉ በዘጠኝ ጥራዝ ለመዘርዘር ተነስተው ነበር፤ በስምንተኛው ጥራዝ ላይ አንዲት ከ«አቢሲኒያ» የመጣች እንቁራሪት ገለጹ። ከየትኛው ሐይቅ፣ ከየትኛው ወንዝ፣ ከደጋ ይሁን ከቆላ አልተጻፈም። ያኔ እንዲህ መጻፍ ነውር አልነበረም። አንድ እንስሳ ከየትኛው መንደር እንደመጣ ማወቅ ለምን እንደሚጠቅም ገና የታሰበበት ዘመን አልነበረም፤ የአገሩ ስም ይበቃ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1842 ራፕ የተባለ ጀርመናዊ ከደቡብ አፍሪካዋ ናታል የመጣችውን ዝንጉርጉር እንቁራሪት ሃይፐሮሊየስ ማርሞራቱስ ብሎ ሰየማት። የወገኑ ስም የመጣው ከዚህች ናት። ዱሜሪልና ቢብሮን የኢትዮጵያዋን ዩክኔሚስ በሚባል ወገን ውስጥ አስገብተዋት ነበር፤ ችግሩ ይህ ስም አስቀድሞ ለጥንዚዛ ተሰጥቶ ኖሯል፤ በእንስሳት ስያሜ ሕግ ደግሞ አንድ የወገን ስም ለሁለት አይሆንም። ስለዚህ ዛሬ የምንጠራበት ስም ግማሹ ከናታል፣ ግማሹ ከአቢሲኒያ የተገጠመ ነው። ይህ የታሪክ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ሕጉ ሌላም ነገር ይላል፦ ሁለት ዝርያ የተባሉ እንስሳት በኋላ አንድ ሆነው ቢገኙ ቀድሞ የወጣው ስም ያሸንፋል። የአንድ ዓመት ብልጫ የኢትዮጵያዋን እንቁራሪት የመላው ዘመድ ስም አውራ አደረጋት።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ የስም ጎርፍ ነው። በሞዛምቢክ ለዓመታት የተዘዋወረው ዊልሄልም ፔተርስ በ1854 ከዚያው አገር፣ በ1875 ከምዕራብ አፍሪካ፣ በ1878 ከኬንያ አዳዲስ ዝርያዎች እያለ ገለጸ። የበርሊኑ ኤርንስት አህል በ1931 ባወጣው ጥራዝ ደግሞ በሃይፐሮሊየስ ወገን ስር እጅግ ብዙ አዳዲስ ስም ደረደረ፤ አብዛኛው ዛሬ ቀድሞ በወጣ ስም ስር ተጠቃሏል። ስህተቱ ስንፍና አልነበረም። እነዚህ ሰዎች ከፊታቸው የነበረው በአልኮል የተሞላ ጠርሙስ ነው። ቢጫው፣ ቀዩና አረንጓዴው በአልኮል ውስጥ ቶሎ ይጠፋል፤ የሚቀረው ጥቁሩ ነጠብጣብና መስመር ነው። አካሏ ደግሞ ለመለያ የሚሆን ነገር እምብዛም የለውም፤ መጠኗም፣ የእግሯ ቁመትም፣ በጣቶቿ መካከል ያለው ቆዳም ከዘመዶቿ ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ቀለም ከሞላ ጎደል ብቸኛው ማስረጃ ሆነ፤ እሱም ግማሽ የለቀቀ።

እንዲያም ሆኖ ትልቁ ወጥመድ አልኮሉ አልነበረም። እንቁራሪቷ ራሷ በሕይወት ዘመኗ ልብስ ትቀይራለች። ጅራቷን ጥላ ከውኃ የወጣች ግልገል የትም አገር ትወለድ፣ ቡናማ ወይም አረንጓዴ ሆና በሁለቱ ጎኖቿ ነጣ ያለ መስመር ይኖራታል። ሴቶቹ ሲደርሱ ሁሉም ይህን ጥለው የየአካባቢያቸውን ደማቅ ቀለም ይለብሳሉ። ወንዶቹ ግን ለሁለት ይከፈላሉ፦ አንዳንዱ እንደ ሴቶቹ ሲደምቅ፣ ሌላው የግልገልነት ቀለሙን እንደያዘ ጎልምሶ ይጮኻል፣ ይራባል። በአንድ ኩሬ፣ በአንድ ሌሊት፣ በአንድ አገዳ ላይ ሁለት ዓይነት ልብስ የለበሱ የአንድ ዝርያ ወንዶች ተቀምጠው ይገኛሉ ማለት ነው። ይህን ያላወቀ ሰው ሁለት ዝርያ አገኘሁ ቢል አይፈረድበትም፤ በሃይፐሮሊየስ ታሪክ ውስጥ እንዲህ የተወለዱ ስሞች አሉ። የቀለሙ ለውጥ ከሆርሞን ጋር የተያያዘ መሆኑን አሜሪካዊው ታይሮን ሄይስ በአንዲት የምሥራቅ አፍሪካ ዘመዷ ላይ አሳይቷል፤ የሴት ሆርሞን የተሰጣቸው ግልገሎች የሴትን ቀለም አወጡ።

ነገሩን ከጠርሙስ አውጥቶ ወደ ረግረግ የመለሰው የዴንማርኩ አርነ ሺዮትዝ ነው። ሌሊት እየሄደ ድምፅ ቀዳ፣ ሕያዋኑን በቀለማቸው ፎቶ አነሳ፣ በ1971 ስለዚህ ቡድን ብቻ የተጻፈ ጥናት አሳተመ። ያገኘው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጥሪያቸው ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ በተግባር አንድ ነው። ለእንቁራሪት ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሴቷ በጨለማ ባሏን የምትመርጠው በድምፁ ነውና፣ ድምፃቸው የተለያየ ቡድኖች ብዙውን ጊዜ አይጋቡም፣ ድምፃቸው አንድ የሆነ ግን የሚጋቡ ይመስላሉ። ሁለተኛ፣ ቀለማቸው ዝም ብሎ የተበተነ አይደለም፤ በካርታ ላይ ሲቀመጥ እያንዳንዱ መልክ የራሱ ግዛት አለው። በግዛቱ ውስጥ ወጥ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ሲጠጋ አንዳንድ ቦታ በጠባብ መሬት ላይ ቅይጦች ይታያሉ። ከዚህ ተነስቶ ሺዮትዝ ሁሉንም በአንድ ላዕላይ ዝርያ ስር አስገብቶ የየአካባቢውን መልክ ንዑስ ዝርያ አለው። በደርዘን የሚቆጠሩ ስሞች በአንድ ጊዜ አንድ ማዕረግ ወርደው የኢትዮጵያዋ ስም የቤተሰብ ስም ሆነላቸው።

ይህ መፍትሔ ለሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ፤ ውበትም ነበረው። ድክመቱ ከጥንካሬው የሚወለድ ነው። ተመሳሳይ ድምፅ ዝምድናን ያሳያል፤ ግን የተለያዩ ዝርያዎች ዝምድናቸው የጥንት ሆኖ ድምፁን ሳይቀይሩ ሊቆዩ ይችላሉ። ድምፅ የሚለያየው የሚለይበት ምክንያት ሲኖር ነው። ሁለት ዘመዳሞች በአንድ ኩሬ ተገናኝተው ሴቶቹ እየተሳሳቱ ከተቸገሩ ጥሪው ቀስ በቀስ ይራራቃል፤ ተራርቀው በየግዛታቸው ከኖሩ ግን ማን ያስገድዳቸዋል? እነዚህ እንቁራሪቶች ደግሞ በካርታው ላይ የተጎራበቱ እንጂ የተደራረቡ አይደሉም። እንግዲህ የሺዮትዝ ዋና ማስረጃ፣ በእኔ ንባብ፣ አንድ መሆናቸውን ሳይሆን ከአንድ መምጣታቸውን ነው የሚያረጋግጠው።

ሦስተኛው ማስረጃ ዲኤንኤ ነበር። አንኬ ቪቾሬክ፣ የካሊፎርኒያው ሮበርት ድሩውስና የደቡብ አፍሪካው አለን ቻኒንግ ከየአገሩ በተሰበሰቡ ናሙናዎች ላይ የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አነጻጽረው በ2000 እና በ2001 ውጤታቸውን አወጡ። ላዕላይ ዝርያው አንድ ዝርያ ለመባል የማያስችል ጥልቅ ልዩነት በውስጡ ተገኘ፤ እነሱም ወደ ብዙ ዝርያ እንዲከፈል ሐሳብ አቀረቡ። አንዳንዱ የቀለም ግዛት ከዲኤንኤው ጋር ሲገጥም፣ አንዳንዱ ጨርሶ አልገጠመም፤ መልካቸው የተለያየ ሆኖ የቅርብ ዘመድ የሆኑ ተገኙ።

ከዚያ ወዲህ በአብዛኞቹ ዝርዝሮች ላይ ያለው ካርታ በጥቅሉ ይህን ይመስላል። ቪሪዲፍላቩስ የሚለው ስም ለኢትዮጵያ፣ ለደቡብ ሱዳን፣ ለኡጋንዳ፣ ለምዕራብ ኬንያ፣ ለሩዋንዳና ቡሩንዲ፣ ለምሥራቅ ኮንጎና ለሰሜን ምዕራብ ታንዛኒያ እንቁራሪት ቀረ። ከኬንያ ስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ ናይሮቢን ጨምሮ፣ ያለችው ግላንዲኮሎር ሆነች። የምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ማሪዬን ይዟል። ማርሞራቱስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ፣ ፓራሌሉስ ወደ አንጎላና አካባቢዋ ተመለሱ፤ የምዕራብ አፍሪካ ሳር መሬት የኒቲዱሉስ ሆነ። የመካከለኛው አፍሪካ ደን ደግሞ የራሱ ዘመድ አለው፤ ቱበርኩላቱስ ይባላል፤ ደኑ ውስጥ በተመነጠረ መሬት ላይ ይኖራል።

ካርታውን ቀረብ ብሎ ላየው የግዛቶቹ ወሰን ዘፈቀደ አይደለም። እንቁራሪቷ ክፍት መሬትና የረጋ ውኃ ትፈልጋለች፤ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከፍ ያለ ቀዝቃዛ ተራራና በረሃ ይዘጉባታል። የአፍሪካ አየር ንብረት በርጥበትና በድርቅ ሲፈራረቅ ደኑ ሰፍቶ ጠብቧል፤ ሳር መሬቱ ተቆራርጦ ተገናኝቷል። በተቆራረጠ ቁጥር የየራሷ ቀለም ያላት እንቁራሪት ትቀራለች፤ ሲገናኝ ደግሞ ወሰን ላይ ትቀላቀላለች ወይም ፊት ለፊት ተፋጣ ትቆማለች። ስምጥ ሸለቆው እዚህ ላይ ሁለት ሚና አለው። ለደጋ እንቁራሪቶች በመሃል የተቆፈረ ገደል ነው፤ የባሌንና የምዕራቡን ደጋ እንስሳት ለይቶ አኑሯል። ለሸምበቆ እንቁራሪት ግን ኢትዮጵያ ውስጥ ሸለቆው ራሱ መኖሪያዋ ነው፤ ሐይቆቹ ዳር ያለው ቄጤማና ፊላ የሷ አገር ነው። ኬንያ ሲደርስ ሸለቆው በግምት የሁለት ዝርያ ወሰን ሆኖ ይገኛል። አንድ መሬት ለአንዷ መንገድ፣ ለሌላዋ አጥር ሲሆን ያየ ሰው «ስምጥ ሸለቆው ዝርያን ይለያል» የሚለውን ጥቅል አባባል በጥንቃቄ መያዝ ይማራል።

የዲኤንኤው ፍርድ የመጨረሻ ነው ማለት ግን አይደለም። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ሁለት ቡድኖች ወሰን ላይ ሲጋቡ የአንዷ እናትነት መስመር ወደ ሌላው ግዛት ሾልኮ ሊገባ ይችላል፤ ያኔ የእናት ዲኤንኤ አንድ ታሪክ፣ የሌላው አካል ዲኤንኤ ሌላ ታሪክ ይናገራል። በ2019 ዳንኤል ፖርቲክና ባልደረቦቹ በብዙ ጂኖች የመላውን አስተኔ የዘር ሐረግ ሠርተው፣ ሴትና ወንድ በቀለም የሚለያዩባቸው ቡድኖች በፍጥነት ወደ ብዙ ዝርያ እንደሚከፈሉ አሳይተዋል። ይህ ክርክሩን ወደ ቀለም መለሰው፤ ግን በሌላ መንገድ። ቀለም እንደ መለያ ምልክት አታላይ ሊሆን ይችላል፤ እንደ መለያየት ምክንያት ግን ሥራ የሚሠራ ይመስላል።

ወደ ኢትዮጵያ እንመለስ። ላዕላይ ዝርያው ሲበተን ስሙ የት ይቅር የሚለው ጥያቄ መልሱ የታወቀ ነው፦ ስሙ የወጣላት ናሙና ያለችበት ቡድን ጋ። ያቺ ናሙና የ1841ዷ የ«አቢሲኒያ» እንቁራሪት ናት። ቪሪዲፍላቩስ የቱንም ያህል ቢቆራረስ የኢትዮጵያዋ ስሟን አትቀማም፤ ስም የሚፈለግላቸው የሌላ አገር እንቁራሪቶች ናቸው። የኡጋንዳዋ ወይም የሩዋንዳዋ በእርግጥ ቪሪዲፍላቩስ ናት ወይ ብሎ የሚጠይቅ ተመራማሪ ከኢትዮጵያዋ ጋር ማመሳከር ግዴታው ነው። እዚህ ላይ ነው የፓሪሱ አጭር ቃል የሚያስቸግረው። ኢትዮጵያ ውስጥ እንቁራሪቷ ከጋምቤላ ቆላ፣ ከደቡብ ምዕራቡ እርጥብ ወረዳዎችና ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ትታወቃለች፤ በመካከላቸው ትልልቅ ተራሮች አሉ። በእነዚህ መካከል የዘር ልዩነት ቢገኝ የስሙ ባለቤት የቷ እንደሆነች «አቢሲኒያ» የሚለው ቃል አይመልስም።

በኢትዮጵያ የእንቁራሪት ጥናት ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ማልኮም ላርገን ነው። በ2001 የአገሪቱን እንቁራሪቶች ዝርዝር አውጥቷል፤ ከዚያ ቀደም በ1974 ከዚሁ አስተኔ ሁለት የኢትዮጵያ ብቻ የሆኑ ዝርያዎችን፣ አፍሪክሳሉስ ክላርከይን እና በእንሰት ቅጠል ብብት ውስጥ የምትገኘውን አፍሪክሳሉስ እንሰቲኮላን ገልጿል። እነዚህ ሁለቱ ክልላቸው ጠባብ ስለሆነ ሲሰጋላቸው ይሰማል። ቪሪዲፍላቩስ ግን በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ዝርዝር «እምብዛም የማያሰጋት» ተብላ ነው የምትቀመጠው። ሰፊ ግዛት ላለው አንድ ዝርያ ፍርዱ ትክክል ነው። ነገር ግን የአመዳደብ ስህተት እዚህ ዋጋ ያስከፍላል፦ በአንድ ሰፊ ስም ስር የተደበቀች፣ ከአንድ ሐይቅ ዳር ውጭ የማትገኝ ዝርያ ብትኖር፣ ሸምበቆው ታጭዶ መናፈሻ ሲሠራበት የሚቆጥራት የለም።

የስሙ ነገር ላብራቶሪም ድረስ ይከተላል። በ1980ዎቹ በጀርመኑ ሊንዘንማየር የሚመራ ቡድን ስለዚህች እንቁራሪት የድርቅ መቋቋም አስደናቂ ተከታታይ ጥናት አሳተመ። የምዕራብ አፍሪካ በጋ ሲገባ ትልልቆቹ ይሞታሉ፤ ግልገሎቹ ጭቃ ውስጥ አይቀበሩም፣ ጥላም አይፈልጉም። በደረቀ አገዳ ላይ እጅና እግራቸውን ከሥራቸው አጥፈው፣ ሆዳቸውን አገዳው ላይ አጣብቀው ለሳምንታት ፀሐይ ላይ ይቀመጣሉ። ቆዳቸው በጉዋኒን ክሪስታል ንብርብር ይሞላና እንደ ኖራ ይነጣል፤ ብርሃኑን መልሶ ይረጨዋል፤ በላዩ ላይ የሚያጡት ውኃ እጅግ ትንሽ ነው። ዝናቡ ሲመጣ ወርደው በጥቂት ወራት አድገው ተራብተው ያልፋሉ። የጥናቶቹ ርዕስ ቪሪዲፍላቩስ ይላል። እንቁራሪቶቹ ግን የኮትዲቯር ነበሩ፤ ዛሬ ኒቲዱሉስ የምንላቸው። የስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን ውኃቸው ዓመቱን ሙሉ የማይደርቅ ሆኖ ሳለ፣ የእኛዋም እንደዚሁ ታደርጋለች ብሎ ከርዕሱ ብቻ ተነስቶ መጻፍ ስህተት ነው። በ1989 ደግሞ በዚሁ ስም፣ ላብራቶሪ ውስጥ እንቁላል የጣሉ አንዳንድ ሴቶች ወደ ወንድነት ተለውጠው ሌላ ሴት አስረገዙ የሚል ዘገባ ወጣ፤ ዛሬም ስለ እንቁራሪት ጾታ በሚጻፍ ሁሉ ይጠቀሳል። መጠቀሱ አይከፋም፤ ከየት የመጣች እንቁራሪት ነበረች ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ስርጭቷም ቢሆን ቆሞ አይጠብቅም። በደቡብ አፍሪካ ማርሞራቱስ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፊት ባልነበረችበት በኬፕ ታውን ዙሪያ ትሰማለች። ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነገር ሰምቶ ሙቀቱ ነው ያመጣት ያለ ነበር። ክሪስታል ቶሊና ባልደረቦቿ በ2008 ዲኤንኤውን ሲያዩት ግን አዲሶቹ ነዋሪዎች ከአንድ አቅጣጫ ቀስ ብለው የተስፋፉ አልነበሩም፤ ከተለያዩ ሩቅ ቦታዎች የመጡ ነበሩ። በመኪና፣ በችግኝ፣ በዕቃ ተሳፍረው መጡ፤ የወይንና የፍራፍሬ ገበሬዎች የቆፈሯቸው ግድቦች ደግሞ በክረምት ብቻ በሚዘንብበት አገር በበጋም ውኃ አቆዩላቸው። ሺዮትዝ በ1971 የሣለው የቀለም ካርታ በቆመበት መሠረት ላይ፣ ማለትም እያንዳንዱ መልክ የራሱ ግዛት አለው በሚለው ላይ፣ ኬፕ ውስጥ ከእንግዲህ መተማመን አይቻልም፤ እዚያ ግድብ ዳር የምትያዝ እንቁራሪት ከየት እንደመጣች ለማወቅ ጀርባዋን ማየት አይበቃም፣ ደሟን መመርመር ያስፈልጋል።